ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ የሰመጠ ታሪካዊ መርከብ ላይ እንዴት ይጠለቃል?

«የስኩባ ኮርሴን የጨረስኩት ሞቃት ባሕር ላይ ነው። አሁን ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ያለ አሮጌ መርከብ ማየት እፈልጋለሁ። ወፍራም ልብስ ከለበስኩ ይበቃኛል?» ይህ ጥያቄ ቃላቱ እየተለዋወጡ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ አንድ ቦታ ልጻፈው ብዬ ነው።

አጭሩ መልስ፦ አይበቃም። ቅዝቃዜው ጣታችሁን ያደነዝዛል። አየራችሁን ቶሎ ያስጨርሳል። ሬጉሌተራችሁን (ከሲሊንደሩ አየር የምትተነፍሱበትን ዕቃ) በረዶ ሊያስይዘው ይችላል። መርከቡ በበኩሉ የተቀደደ ብረት፣ የተተወ መረብና ደለል አለበት። በዚያ ላይ እዩኝ እዩኝ ይላል፤ ሰዓት ያስረሳል። ስለዚህ እዚህ ዳይቭ (አንዱ ጥልቂያ) የሚታቀደው ከኋላ ወደ ፊት ነው። መጀመሪያ እንዴት እንደምትወጡ ትወስናላችሁ፣ ከዚያ ምን እንደምታዩ።

መመሪያው እስከ 30 ሜትር ለመጥለቅ ብቃት ላላቸው ነው። የድራይሱት (ውሃ የማያስገባው ልብስ) ሥልጠናም የወሰዳችሁ መሆን አለባችሁ። ጽሑፍ አንብቦ ዋና የለመደ ሰው የለም፤ ይህም ሥልጠናን አይተካም። እዚህ የማወራው መርከቡን ከውጭ ዞሮ ስለማየት ብቻ ነው። ወደ ውስጥ መግባት ራሱን የቻለ ሌላ ሥልጠና አለው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ድራይሱት፣ ከሥሩ የሚለበስ ወፍራም የውስጥ ልብስ፣ ኮፍያ (ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ኒዮፕሪን) እና ጓንት። ጥጥ አትልበሱ። ጥጥ ላብ ይይዝና ያበርዳል።
- ለቀዝቃዛ ውሃ የተሠራ ሬጉሌተር። በአውሮፓው ኢኤን 250 መስፈርት፣ ለቀዝቃዛ ውሃ የማይሆን ሬጉሌተር ላይ «ከ10 ዲግሪ በላይ» የሚል ምልክት ይጻፍበታል። ያ ምልክት ካለበት እዚህ አይሠራም።
- 15 ሊትር ሲሊንደር። ከዚያ በተጨማሪ የራሷ ሬጉሌተር ያላት 3 ሊትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነች ትንሽ ተጠባባቂ ሲሊንደር።
- ዳይቭ ኮምፒውተር (ጥልቀትና ጊዜ የሚከታተለው)፣ የግፊት መለኪያ (ሲሊንደሩ ውስጥ የቀረውን አየር የሚያሳየው)፣ ቢሲዲ (የምንሳፈፍበት ጃኬት)።
- ሁለት የእጅ ባትሪ፦ አንድ ዋና፣ አንድ መጠባበቂያ።
- ሁለት መቁረጫ፣ በተለያየ ቦታ የሚታሰሩ። አንዱ የገመድ መቁረጫ፣ ሌላው መቀስ ቢሆን ይመረጣል። ትልቅ ቢላዋ ጥሩ ፎቶ ይወጣዋል እንጂ ቀጭን የናይለን መረብ ላይ ብዙም አይረዳም።
- የምልክት ፊኛ (ከታች ተነፍቶ ወደ ላይ የሚላከው) ከነጥቅል ገመዱ።
- ጀልባው ላይ፦ የሕክምና ኦክስጅን፣ ሬዲዮ፣ ትኩስ መጠጥ፣ ንፋስ የማያሳልፍ ካፖርት።

ደረጃ 1፦ መርከቡን ከነሕጉ ምረጡ

ከመርከቡ ስም በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ጥልቀቱ ስንት ነው? እንዴት ነው የተኛው? መጥለቅ ይፈቀዳል ወይ?

አተኛኘቱ ብዙ ነገር ይለውጣል። ስኮትላንድ ውስጥ ስካፓ ፍሎው በሚባለው ቦታ፣ በ1919 የጀርመን ባሕር ኃይል ሆን ብሎ ካሰመጣቸው መርከቦች ሰባቱ ዛሬም ታች አሉ። ሦስቱ ትልልቅ የጦር መርከቦች ተገልብጠው ነው የተኙት። መድፍ አያለሁ ብሎ የወረደ ሰው የሚያገኘው ሰፊ የብረት ሆድ ነው፤ መድፉ ከሥሩ ነው ያለው። አራቱ ቀለል ያሉ መርከቦች ደግሞ በጎናቸው ተኝተዋል። እዚያ ወለሉ ግድግዳ ሆኗል። ይህን ሳታውቁ ከወረዳችሁ የዳይቩን ግማሽ «የት ነው ያለሁት?» ስትሉ ትጨርሳላችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከ25 ሜትር የማይጠልቅ፣ ክፍት ቦታ ላይ ያለ መርከብ ምረጡ።

ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያል። እዚያው ስካፓ ፍሎው ውስጥ በ1939 የሰመጠችው የብሪታንያ የጦር መርከብ ኤችኤምኤስ ሮያል ኦክ የወታደሮች መቃብር ስለሆነች ለመዝናናት መጥለቅ ክልክል ነው። ብሪታንያ ውስጥ ከሰመጠ መርከብ ላይ ዕቃ ያወጣ ሰው በ28 ቀን ውስጥ ለሚመለከተው ባለሥልጣን ማሳወቅ ግዴታው ነው። በ2001 የጸደቀው የዩኔስኮ ስምምነት ደግሞ ቢያንስ 100 ዓመት ውሃ ውስጥ የቆዩ ቅርሶችን ያካትታል። የምትጠልቁበትን አገር ሕግ ከጀልባው ካፒቴን ወይም ከአካባቢው የቅርስ መሥሪያ ቤት ቀድማችሁ ጠይቁ። «አላወቅኩም ነበር» የሚለው መልስ አያድናችሁም።

ደረጃ 2፦ ድራይሱቱን ጥልቀት በሌለው ቦታ ልመዱት

ውሃ ከአየር 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ሙቀት ይወስዳል። ድራይሱት የሚያሞቃችሁ በራሱ ሳይሆን በውስጥ ልብሱ ውስጥ በሚይዘው አየር ነው። ያ አየር ግን ይንቀሳቀሳል። ስትወርዱ ይጨመቃል፣ ልብሱም ቆዳችሁን ይቆነጥጣል። ስትወጡ ይለጠጣል፣ እናንተንም ወደ ላይ ይጎትታል።

5 ሜትር በማይሞላ ውሃ ውስጥ እነዚህን ተለማመዱ፦

- መቆንጠጡ እስኪለቅ ብቻ በጥቂት በጥቂቱ አየር መጨመር።
- ክንዳችሁ ላይ ካለው ቫልቭ አየር ማስወጣት። ቫልቩ ከሰውነታችሁ ሁሉ ከፍ ብሎ ካልተገኘ አየሩ አይወጣም። ክርናችሁን ቀና አድርጉ።
- አየሩ ወደ እግር ሲሸሽና ተዘቅዝቃችሁ መውጣት ስትጀምሩ መመለስ። ጉልበታችሁን ወደ ደረት ሰብስቡ፣ ተንከባለሉ፣ ቀና በሉ፣ ወዲያው አየር አስወጡ።

ክብደታችሁን እዚሁ አስተካክሉ። መለካት ያለበት ሲሊንደሩ ሊያልቅ ሲል ነው። አየር ራሱ ክብደት አለውና፤ 15 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር (ባር የግፊት አሃድ ነው) ሲሞላ ሦስት ኪሎ ተኩል ገደማ አየር ይይዛል። ሙሉ ሲሊንደር ይዛችሁ «ልክ ነኝ» ካላችሁ፣ መጨረሻ ላይ 5 ሜትር ላይ መቆም ያቅታችኋል። 50 ባር ሲቀር፣ ቢሲዲውን ባዶ አድርጋችሁ፣ 5 ሜትር ላይ ሳትታገሉ መቆም ከቻላችሁ ክብደቱ ልክ ነው።

ደረጃ 3፦ እጃችሁን በበረዶ ባልዲ ፈትኑ

ይህን ሰዎች ሲሰሙ ይስቃሉ። እኔም ሳልሠራው ነበር የወረድኩት። 20 ሜትር ላይ የምልክት ፊኛዬን ልልክ የጥቅሉን መቆለፊያ ስጫን፣ መጫኔንና አለመጫኔን ማወቅ አቃተኝ። ዓይኔ ጣቴን ያያል፤ ጣቴ ግን የኔ አልነበረም። አጋሬ ነው የከፈተልኝ።

ቤት ውስጥ ባልዲ ውሃ አምጡና በረዶ ጨምሩበት። የምትጠልቁበትን ጓንት አድርጋችሁ እጃችሁን ለሦስት ደቂቃ ንከሩ፤ ካመማችሁ ግን አውጡት። ከዚያ ሳታዩ እነዚህን ሥሩ፦ መንጠቆ መክፈትና መዝጋት፣ የጥቅል ገመዱን መቆለፊያ መልቀቅ፣ መቁረጫውን ከኪሱ ማውጣትና መመለስ፣ የእጅ ባትሪውን ማብራት። ያቃታችሁን ዕቃ ለውጡት። ትልቅ መንጠቆ ግዙ፣ መጎተቻው ላይ ገመድ አስሩለት። ባልዲው ላይ ያልሠራ ዕቃ ታች አይሠራም።

ደረጃ 4፦ ሬጉሌተሩ ለምን በረዶ እንደሚይዝ እወቁ

የብስክሌት ጎማ ስታስተነፍሱ ቫልቩ ሲቀዘቅዝ ነክታችሁት ታውቁ ይሆናል። ሬጉሌተር ላይም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ መጠኑ ነው። ሲሊንደሩ አፍ ላይ የሚታሰረው ክፍል 200 ባር የነበረውን አየር ከአካባቢው ግፊት ወደ 10 ባር ብቻ ከፍ ወዳለ ግፊት በቅጽበት ያወርደዋል። የተለጠጠው አየር ከዜሮ በታች ይቀዘቅዛል። ሞቃት ባሕር ላይ በዙሪያው ያለው ውሃ መልሶ ያሞቀዋል። ውሃው 4 ወይም 6 ዲግሪ ከሆነ ግን የሚያሞቀው ነገር የለም። በረዶ ይሠራል፣ ቫልቩ ክፍት እንደሆነ ይቀራል፣ አየሩም ያለማቋረጥ ይፈሳል። ጥልቅ ቦታ ላይ በዚህ መንገድ ሙሉ ሲሊንደር በጥቂት ደቂቃ ያልቃል።

ብዙ አየር በአንዴ ባለፈ ቁጥር ቅዝቃዜው ይብሳል። እንግዲህ፦

- ሬጉሌተሩን በየዓመቱ አስፈትሹ። ለቀዝቃዛ ውሃ እንደምትጠቀሙበት ለባለሙያው ንገሩት።
- ሲሊንደራችሁን ደረቅ አየር ከሚሞላ ቦታ አስሞሉ። እርጥበት ያለው አየር ከውስጥ በኩል በረዶ ይሠራል።
- ጀልባው ላይ ደጋግማችሁ አትተንፍሱበት። ትንፋሻችሁ እርጥብ ነው፤ አየሩ ቀዝቃዛ ከሆነ እዚያው ይቀዘቅዛል። ንፋስ በማያገኘው ቦታ፣ የግፊት መለኪያውን እያያችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ሳቡ። መርፌው ከተወዛወዘ ሲሊንደሩ በደንብ አልተከፈተም።
- አፋችሁ ላይ ባለው የሬጉሌተር ክፍል መሐል ያለውን ቁልፍ ተጭናችሁ አየር አትንፉ።
- እየተነፈሳችሁ ቢሲዲና ድራይሱት በአንድ ጊዜ አትሙሉ። የመሙያ ቁልፋቸውን ለአንድ ሰከንድ ያህል ጫኑ፣ ልቀቁ፣ ድገሙ።

ማስጠንቀቂያ፦ አየር መፍሰስ ከጀመረ። ጩኸቱ ያስደነግጣል፤ አረፋው የዋና መነጽራችሁን ይሸፍነዋል። ወደ ላይ አትሩጡ። ለአጋራችሁ ምልክት ስጡ፣ ወደ ተጠባባቂዋ ሲሊንደር ቀይሩ፣ አጋራችሁም የዋናውን ቫልቭ ይዝጋ። ሌላ አየር ካላገኛችሁ ከሚፈሰው ላይ ከንፈራችሁን ሳትገጥሙ መተንፈስ ይቻላል፤ ትርፉ በጎን ይውጣ። ከዚያ በተለመደው ፍጥነት አብራችሁ ውጡ። ዳይቩ እዚያ ላይ አልቋል። በረዶው ቀልጦ ቢቆም እንኳ አትመለሱ።

ደረጃ 5፦ የመመለሻ አየራችሁን ከመውረዳችሁ በፊት ወስኑ

ብዙ ሰው «50 ባር ይዤ እወጣለሁ» ይላል። 30 ሜትር ላይ ይህ ቁጥር አይበቃም። በወረቀት እንየው።

አንዳችሁ ጋ አየር አለቀ እንበል። ሁለታችሁም ከአንድ ሲሊንደር ትተነፍሳላችሁ። ተረጋግታችሁ 20 ሊትር በደቂቃ የምትወስዱ ከሆነ፣ በድንጋጤና በብርድ 30 አድርጉት። ሁለት ሰው 60 ሊትር ነው። 30 ሜትር ላይ ግፊቱ 4 ባር ስለሆነ ያ በአራት ይባዛል።

- ታች ችግሩን ለመፍታት 2 ደቂቃ፦ 60 × 4 × 2 = 480 ሊትር
- ከ30 እስከ 5 ሜትር ለመውጣት፣ በደቂቃ 9 ሜትር ቢሆን 3 ደቂቃ ገደማ፣ በአማካይ 2.75 ባር፦ 495 ሊትር
- 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ ማረፊያ፣ 1.5 ባር፦ 270 ሊትር
- ከ5 ሜትር እስከ ላይ 1 ደቂቃ፦ 75 ሊትር

ድምሩ 1320 ሊትር። ለ15 ሊትር ሲሊንደር ሲካፈል 88 ባር። 90 በሉት። ለ12 ሊትር ከሆነ 110 ባር ነው። መርፌው እዚህ ቁጥር ላይ ሲደርስ መርከቡ ወርቅ ቢያሳያችሁ እንኳ ትወጣላችሁ።

አሁን የቀረውን ቁጠሩ። 200 ሲቀነስ 90፣ 110 ባር። በ15 ሊትር 1650 ሊትር ነው። 30 ሜትር ላይ በደቂቃ 80 ሊትር ስለምትወስዱ 20 ደቂቃ ያህል አላችሁ። መውረጃውም ከዚሁ ላይ ነው። 12 ሊትር የያዘ ሰው 13 ደቂቃ ብቻ አለው። ትልቁን ሲሊንደር ለምን እንደጻፍኩ ገባችሁ?

የራሳችሁን አወሳሰድ አታውቁም እንበል። 10 ሜትር ላይ ለ10 ደቂቃ ዋኙ፣ የወረደውን ባር በሲሊንደሩ ሊትር አባዙ፣ ለ10 ደቂቃ ከዚያ ለ2 ባር አካፍሉ። ግን ድራይሱት ለብሳችሁ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ለኩት። የሞቃት ባሕር ቁጥር እዚህ ያሞኛችኋል።

ደረጃ 6፦ ውሃው የሚቆምበትን ሰዓት ያዙ

ባሕር ይሞላል፣ ይጎድላል። በብዙ የባሕር ዳርቻዎች ከሙላት እስከ ጉድለት ስድስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። በመሐል ውሃው እንደ ወንዝ ይሮጣል፤ አቅጣጫ ሲቀይር ግን ለአጭር ጊዜ ይቆማል። የምትጠልቁት ያኔ ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ፍሰቱ ይበረታል፤ ግማሽ ስትሆን ይለዝባል። ለመጀመሪያ ጊዜ የግማሽ ጨረቃን ሳምንት ምረጡ።

የሙላት ሰንጠረዡ ላይ ያለው ሰዓትና ውሃው መርከቡ ላይ የሚቆምበት ሰዓት ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ይህን የሚያውቀው ካፒቴኑ ነው። እሱ «ቆዩ» ሲል ቆዩ፣ «ግቡ» ሲል ግቡ።

ደረጃ 7፦ ጀልባው ላይ

ሽንት ቤት ሂዱ። ቀልድ አይደለም፤ ብርድ ሽንት ያመጣል፣ ድራይሱት ደግሞ እንደ ሱሪ አይከፈትም። ውሃ አለመጠጣት መፍትሔ አይደለም። ድርቀት የናይትሮጅን ሕመምን (ስንወጣ ናይትሮጅን ሰውነት ውስጥ አረፋ ሲሠራ የሚመጣውን) ያባብሳል።

ድራይሱቱን ስትለብሱ የአንገትና የእጅ ማሰሪያው ሥር ፀጉርና ክር አለመግባቱን እዩ። አንድ ክር ውሃ ያስገባል። ዚፑን አጋራችሁ እስከ መጨረሻው በጣቱ ይዳስስ። ከዚያ እርስ በርስ ተፈታተሹ፦ አየሩ እስከ መጨረሻ ተከፍቷል? የድራይሱቱ ቱቦ ተሰክቷል? የክብደቱ ማላቀቂያ የት ነው? መቁረጫዎቹ የት ናቸው? የመመለሻ ቁጥራችን ስንት ነው? የመጨረሻውን ሁለታችሁም ጮክ ብላችሁ በሉት።

ደረጃ 8፦ መውረድ

ውሃ ውስጥ እንደገባችሁ ፊታችሁን ለግማሽ ደቂቃ ንከሩ። ቀዝቃዛ ውሃ ፊት ላይ ሲያርፍ ትንፋሽ ይቆራረጣል። ይህ ላይ ይለፍ፤ 20 ሜትር ላይ መነጽራችሁ ውሃ ሲያስገባ እንዳይሆን። ትንፋሻችሁ ሳይረጋ አትውረዱ።

የመውረጃ ገመዱን ይዛችሁ ውረዱ። ገመዱ ወደ መርከቡ ይወስዳችኋል፣ በኋላም ይመልሳችኋል። 5 ሜትር ላይ ቁሙና አረፋ የሚያወጣ ዕቃ እንዳለ ተያዩ። ታች ስትደርሱ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ገመዱ ላይ እሰሩ። እይታው 4 ሜትር በሚሆንበት ውሃ ያ መብራት የቤታችሁ በር ነው።

ደረጃ 9፦ መርከቡ ላይ

መጀመሪያ የት እንዳላችሁ እወቁ። ባሕሩ ያፈራረሰው አሮጌ የእንፋሎት መርከብ ላይ ስሱ ብረት ወድቆ ከፍ ብለው የሚቀሩት ብዙ ጊዜ ቦይለሮቹ (ውሃ ፈልቶ እንፋሎት የሚሠራባቸው ትልልቅ ጋኖች) እና ሞተሩ ናቸው። ቦይለሩን ካገኛችሁ መሐሉ አካባቢ ናችሁ። ከዚያ አንድ ጎን ምረጡና ፍሰቱን ተቃርናችሁ ሂዱ፤ ስትመለሱ ውሃው ይግፋችሁ።

ከወለሉ አንድ ሜትር ከፍ በሉ። እግራችሁን እንደ እንቁራሪት ወደ ጎን ግፉ። ወደ ላይና ወደ ታች ከመታችሁ ደለሉ ይነሳና ሁለታችሁም ጭጋግ ውስጥ ትገባላችሁ። የእጅ ባትሪውን ቀን በቀንም አብሩት፤ ውሃ ቀዩን ብርሃን ቀድሞ ይውጠዋል፣ ያለ መብራት ዝገቱ ሁሉ አረንጓዴ ግራጫ ነው።

መረብ ካያችሁ ከላዩ እለፉ፤ ከሥሩ በፍጹም። ከተያዛችሁ አትዙሩ፤ በዞራችሁ ቁጥር ይጠቀለላል። ቁሙ፣ አጋራችሁ ይቁረጥ። የተቀደደ ብረት ላይ አትደገፉ። ድራይሱት ከተቀደደ ቀዝቃዛ ውሃ ይገባል፣ ሙቀቱም ይሄዳል።

ምንም አታንሱ። ለረጅም ጊዜ ባሕር ውስጥ የቆየ ብረት ጨው ጠጥቷል። ያለ ባለሙያ አየር ላይ ሲደርቅ ጨው ይሠራል፣ ብረቱም ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። ቤት የሚደርሰው ዝገት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ክፍት በር ስታዩ «እስከ ወገቤ ብቻ» አትበሉ። የአረፋችሁ ግፊት ጣሪያው ላይ ያለውን ዝገት ያረግፈዋል። የገባችሁበት በር በአሥር ሰከንድ ሊጠፋ ይችላል።

በየሦስት ደቂቃው የግፊት መለኪያችሁን ለአጋራችሁ በጣት አሳዩ። ጥያቄ ደግሞ ጠይቁት፦ እጅህ እንዴት ነው? ጣቱን መጨበጥና መዘርጋት ያቃተው ሰው፣ አየር ኖረውም አልኖረው፣ ዳይቩ አብቅቶለታል። ከዚህ በኋላ ቫልቭ መዝጋትም ሆነ ፊኛ መላክ አይችልምና።

ደረጃ 10፦ መውጣት

ወደ ገመዱ ተመለሱ። ገመዱን ካላገኛችሁ ለሁለት ደቂቃ ብቻ ፈልጉ፣ ከዚያ የምልክት ፊኛውን ላኩ። ጥቅሉን ከራሳችሁ ጋር አታያይዙ። ገመዱ ከተያዘ ፊኛው እናንተን ይዞ ይወጣል። እጃችሁ ውስጥ ብቻ ይሁን፤ እናንተን መጎተት ከጀመረ ልቀቁት።

ከመነሳታችሁ በፊት የድራይሱቱን ቫልቭ እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ፍጥነታችሁ በደቂቃ ከ9 ሜትር አይብለጥ። ትንፋሻችሁን በጭራሽ አትያዙ። የመጨረሻዎቹ 10 ሜትሮች ላይ አየር በእጥፍ ስለሚለጠጥ ድራይሱቱ መጎተት የሚወደው እዚያ ነው። 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ ቁሙ፤ አየር ካላችሁ 5 አድርጉት።

የሚሞቅ ሰደርያ ያላችሁ ተጠንቀቁ። ታች ሞቃችሁ ስትወጡ ባትሪው ካለቀ ከሁሉ የከፋው ነው። ሙቀት ናይትሮጅን ወደ ሰውነት መግባቱን ያፋጥናል፣ ብርድ ደግሞ መውጣቱን ያዘገያል። ሰደርያውን ታች ዝቅ አድርጉት፣ ለመውጫው ቆጥቡት።

ደረጃ 11፦ ጀልባው ላይ ስትመለሱ

ከንፋስ ተጠለሉ፣ ኮፍያችሁን ቀይሩ፣ ትኩስ ነገር ጠጡ። ከባድ ዕቃ አታንሱ። ትኩስ ሻወር ውስጥ ወዲያው አትግቡ። አልኮልም ይቆይ። ከአንድ ዳይቭ በኋላ አውሮፕላን ከመሳፈራችሁ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግማችሁ ከጠለቃችሁ ቢያንስ 18 ሰዓት ጠብቁ።

የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የቆዳ መዥጎርጎር፣ መደንዘዝ፣ ማዞር ወይም ከመጠን ያለፈ ድካም ካለ «ብርድ ነው» ብላችሁ አትለፉት። መቶ በመቶ ኦክስጅን ስጡ፣ አስተኙት፣ ካፒቴኑ በሬዲዮ ቻናል 16 የባሕር ዳርቻ ጠባቂዎችን ይጥራ። መልሶ ወደ ውሃ ማስገባት ፈጽሞ አይሞከርም።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

*ብዙ ካልሲ መደራረብ።* እግር ሲጠብ ደም አይደርሰውም፣ የበለጠ ይበርዳል። አንድ ወፍራም ካልሲና ሰፊ ጫማ ይሻላል።

*በአዲስ ዕቃ ሁሉ በአንድ ቀን መጀመር።* አዲስ ድራይሱት፣ አዲስ ጓንት፣ አዲስ ካሜራ፣ አዲስ መርከብ። በአንድ ዳይቭ አንድ አዲስ ነገር ብቻ። ካሜራው ከሁሉ መጨረሻ ይምጣ።

*በቁጥሩ መደራደር።* «90 ደረሰ ግን መድፉ እዚህ ጋ ነው፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ።» 30 ሜትር ላይ ሁለት ደቂቃ ማለት 160 ሊትር ነው፤ የአጋራችሁ አየር ነው የምትተነፍሱት።

*ሁለተኛውን ዳይቭ በግድ ማድረግ።* ገንዘብ ተከፍሏል፣ ጀልባው እዚያው ነው፣ ካፒቴኑ ዝግጁ ነው። እናንተ ግን አሁንም የምትንቀጠቀጡ ከሆነ ሁለተኛውን ተዉት። በብርድ የጀመረ ሰው ታች አይሞቅም።

*ሎግ ደብተር (የዳይቭ መዝገብ) ላይ የመርከቡን ስምና ጥልቀት ብቻ መጻፍ።* የውሃውን ሙቀት፣ የለበሳችሁትን፣ የያዛችሁትን ክብደት፣ በስንት ባር ገብታችሁ በስንት እንደወጣችሁ፣ እጃችሁ በስንተኛው ደቂቃ እንደደነዘዘ ጻፉ። ጀልባው ላይ እያላችሁ ጻፉት፤ ቤት ስትደርሱ ሞቃችሁ ብርዱን ትረሱታላችሁ። ለሚቀጥለው ዳይቭ ደረጃ 5ን የምትሠሩት በእነዚህ ቁጥሮች ነው።